«ክራሹ ተስተካክሏል» ማብራሪያ አይደለም

በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ከሚገጥሙኝ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አምርሬ የምጠላው አንድ አለ፦ «ክራሹ ተስተካክሏል።» ሁለት ቃል ናት። ወሬ የማይወድ፣ ሥራ የሚወድ ሰው የጻፋት ትመስላለች። ከሥሯ ሦስት አራት የተቀየሩ የኮድ መስመሮች አሉ። ገምጋሚው ገረፍ ገረፍ አድርጎ ያያቸዋል፣ «ጥሩ ይመስላል» ብሎ ያጸድቃል፣ ኮዱ ይገባል፣ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል።

እኔ የምለው ይህ ነው። የሜሞሪ ስህተት ማስተካከያ፣ ስህተቱ ምን እንደነበረና ለውጡ ለምን እንደሚያስወግደው በግልጽ ካልተጻፈበት፣ ወደ ኮዱ መግባት የለበትም። ትክክል ቢሆን እንኳ። ሰው የሚቆጣኝ ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ስናገር ነው። «ትክክል ከሆነ ምን ቀረህ?» ይሉኛል። የቀረኝ እኮ ትክክል መሆኑን ማወቅ ነው!

ኮድ ለማይጽፍ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ኮድ ሪቪው የምንለው አንድ ፕሮግራመር የለወጠው ኮድ ከዋናው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሌላው አንብቦ የሚጠይቅበትና የሚያጸድቅበት ሥርዓት ነው። ሜሞሪ ደግሞ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚያስፈልገውን ነገር የሚያኖርበት ቦታ ነው። እንደ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ባሉ ቋንቋዎች ቦታው መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ የመወሰኑ ኃላፊነት በአብዛኛው የፕሮግራመሩ ነው። ፖይንተር የምንለው ነገሩ የተቀመጠበት አድራሻ ነው። ጣጣው ያለው አድራሻው ከነገሩ ጋር አብሮ አለመሞቱ ላይ ነው። ነገሩ ሲለቀቅ አድራሻው በያዘው ሰው እጅ እንዳለ ይቀራል።

እንዲህ አስቡት። ስልካችሁ ላይ የአጎታችሁ ቁጥር አለ። አጎታችሁ ያንን መስመር ከተዉት ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እናንተ ዘንድ ግን ዛሬም «ጋሼ» ተብሎ እንደተመዘገበ ነው። ለበዓል ብር ልትልኩላቸው ያንን ቁጥር ነካችሁ። ብሩ ሄደ። ስልኩ አልተበላሸም፣ ኔትወርኩ አልተቋረጠም፣ ቁጥሩም የሚሠራ ቁጥር ነው። የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። በእኛ ሙያ ይህ ዩዝ አፍተር ፍሪ ይባላል፤ ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «መፍትሔ አለኝ፤ ብር ከመላካችሁ በፊት የአጎታችሁ ቁጥር ስልካችሁ ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ቁጥሩማ ተመዝግቧል! ጥያቄው አሁን የማን ነው የሚለው ነው። በኮድ ዓለም ግን ይህ መፍትሔ በየጊዜው ይቀርብልኛል። ፕሮግራሙ አንድ ፖይንተር ላይ ሲወድቅ፣ እዚያው የወደቀበት ቦታ ላይ «ፖይንተሩ ነል ካልሆነ ብቻ ቀጥል» የሚል መስመር ይጨመራል። ነል ማለት ባዶ፣ ምንም ያልተመዘገበበት ማለት ነው። የተለቀቀ ሜሞሪ አድራሻ ግን ማንም ካልቀየረው በራሱ ነል አይሆንም። የተጨመረው መስመር ችግሩን አይነካውም። አንዳንዴ ክራሹ ለጊዜው ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን የነገሮቹ አቀማመጥ ወይም የጊዜው ቅደም ተከተል ትንሽ ስለተናጋ ነው። ከዚያ «ክራሹ ተስተካክሏል» ይጻፋል። ክራሹ ሳይሆን ጥፋቱ የታለ?

የሜሞሪ ስህተት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግብር በ15 ፋንታ በ10 በመቶ ተሰልቶ ከነበረ፣ ማስተካከያውን ያየ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። በሜሞሪ ስህተት ግን ጥፋቱ የሚፈጸመው አንድ ቦታ፣ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው፤ አንዳንዴም በሌላ ቀን። የሲ ቋንቋ ደንብ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ምን እንደሚያደርግ ጨርሶ አይደነግግም። ሊወድቅ ይችላል፣ ትክክል የሚመስል መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ የሌላ ሰው መረጃ አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ሞከርኩት፣ ሠራ» የሚለው ማስረጃ ሌላ ቦታ ካለው ዋጋ እዚህ ያነሰ ነው። ሜሞሪውን ማን ጠየቀ? ማን ለቀቀው? አድራሻውን ይዞ የቀረው ማን ነው? እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ገምጋሚው ፊት በተዘረጉት የተቀየሩ መስመሮች ውስጥ አይገኙም። ጸሐፊው ካልጻፋቸው ገምጋሚው ወይ ራሱ ሙሉውን ምርመራ እንደገና ይሠራል፣ ወይ ያምናል። አብዛኛው ያምናል።

ይህ የጥቂት ፕሮግራመሮች ንትርክ እንዳይመስላችሁ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው፣ በየዓመቱ ከሚያስተካክላቸው የደኅንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ ጋር የተያያዙ ናቸው። የጉግል ክሮም ገንቢዎችም በ2020 ስለ ከባድ የደኅንነት ስህተቶቻቸው ያንኑ 70 በመቶ ተናግረዋል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ያ የአጎታችሁ ስልክ ዓይነት፣ ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም ነው።

ማብራሪያ የጎደለው የሜሞሪ ማስተካከያ ምን ድረስ እንደሚወስድ ለማየት ከዴቢያን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዴቢያን ከታወቁት የሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱ ነው፤ ኡቡንቱም የተገነባው በእሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቫልግሪንድ የተባለው የሜሞሪ መመርመሪያ ስለ ኦፕን ኤስኤስኤል ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ኦፕን ኤስኤስኤል ሚስጥራዊ ቁልፎች የሚፈጠሩበት ላይብረሪ ነው። ማስጠንቀቂያው «የመነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ እየተነበበ ነው» የሚል ነበር፤ በሌላ ፕሮግራም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ስህተት ነው። ምንጩ ሲፈለግ ሁለት መስመሮች ተገኙ። ሁለቱ መስመሮች ሲነበቡ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ከሥራ ውጪ ተደረጉ። ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

ንባባቸው አንድ ይሁን እንጂ ትርጓሜያቸው ሁለት ነበር። አንደኛው ያንን መነሻ የሌለውን ሜሞሪ ለተጨማሪ ድብልቅ ያህል የሚጠቀም ነው፤ ቢወጣ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫው ከውጭ የሚመጣለትን የማይገመት ነገር ሁሉ የሚቀበልበት በር ነበር። በሩ ሲዘጋ አንዱን ቁልፍ ከሌላው የሚለየው የፕሮግራሙ የሂደት መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢበዛ 32,768 ዓይነት ነው። አጥቂ ለአንድ ዓይነት ማሽንና ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ያሉትን አማራጮች ሁሉ አስቀድሞ አመንጭቶ አንድ በአንድ መሞከር ይችላል። ስህተቱን ሉቺያኖ ቤሎ አግኝቶት በሜይ 13 ቀን 2008 ይፋ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ሰዎች ደካማ ቁልፍ እየፈጠሩ ሰርቨሮቻቸውን በእሱ ሲቆልፉ ኖረዋል። ፕሮግራሙን ማዘመንም ብቻውን አልበቃም፤ የተፈጠሩት ቁልፎች ሁሉ ተጥለው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።

ለውጡን ያደረገው ሰው ዝም ብሎ የሠራው አይደለም። የኦፕን ኤስኤስኤል ገንቢዎች በሚወያዩበት ቦታ ጠይቋል፤ አጭር የድጋፍ መልስም አግኝቷል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ሪቪው የሚመስል ነገር ተካሂዷል። ግን ሁለቱ መስመሮች እንደ አንድ ጥያቄ ቀረቡ፣ እንደ አንድ ተመለሱ። ስለ እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው «በዚህ በኩል የሚገባው መረጃ ከማን ነው? ቢቀር የሚጎድለው ምንድን ነው?» ተብሎ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ግዴታ ቢኖር፣ ሁለተኛውን ሲጽፉ እጅ መቆሙ የሚቀር አይመስለኝም።

የአብነት ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ንባብ ቤት ሌላ፣ ትርጓሜ ቤት ሌላ። ንባቡን ሳይሳሳት የሚወርድ ተማሪ ምስጢሩን ያውቃል ማለት አይደለም፤ መምህሩ «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል ከብዙ በኩል የሚፈቱለት ለዚህ ነው። «ኮዱ ራሱን ይገልጻል፣ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?» የሚሉኝ ሰዎች ንባብ ቤት ጨርሰው «ተመረቅን» የሚሉ ይመስሉኛል። ኮዱ የሚገልጸው ምን እንደሚያደርግ ነው። ለምን እንደተደረገ፣ ምን ታምኖ እንደተደረገ አይናገርም።

በጎ ምሳሌም አለን፣ ከዚያው ከኦፕን ኤስኤስኤል ቤት። ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት በኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ ሲሆን ዓለም ደንግጦ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተገናኙ ሁለት ኮምፒዩተሮች አንዱ ሌላውን «አለህ ወይ?» ለማለት ትንሽ መልእክት ይልካል፣ ተቀባዩ ያንኑ መልሶ ይልካል። የመልእክቱን ርዝመት የሚናገረው ላኪው ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል የተነገረውን ርዝመት በእርግጥ ከደረሰው ጋር ሳያመሳክር ያምን ነበር። አንድ ባይት ልኮ «64 ሺህ ነው» ያለ ሰው፣ ከአጠገቡ ካለው የሰርቨሩ ሜሞሪ እስከ 64 ኪሎባይት ተቀድቶ ይላክለታል፤ የይለፍ ቃል ወይም የሰርቨሩ ሚስጥራዊ ቁልፍ ሳይቀር ሊኖርበት ይችላል። ስህተቱን የያዘው እትም የወጣው በማርች 2012 ነው፤ ኮዱ ሲገባም ገምጋሚ አይቶት ነበር።

ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነው። አብሮት የተጻፈው ማብራሪያም አጭር ነው፤ ግን የሚጎድለው የለም። የጎደለው የወሰን ምርመራ መሆኑን፣ የጎደለውም የሃርትቢት መልእክት በሚስተናገድበት ቦታ መሆኑን፣ በዚህ ምክንያት እስከ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ለተገናኘው ወገን ሊጋለጥ መቻሉን፣ ያገኘውም የጉግሉ ኒል ሜህታ መሆኑን ይናገራል። ኮዱ ውስጥ ደግሞ የተሳሳተው መልእክት ለምን ዝም ተብሎ እንደሚጣል ሲገልጽ የስታንዳርዱን ቁጥርና ክፍል ይጠቅሳል፤ አርኤፍሲ 6520፣ ክፍል 4። ዛሬ ያንን ለውጥ የሚከፍት ጀማሪ የተጣሰው ደንብ የትኛው እንደሆነ ያገኘዋል። «ጊዜ የለንም» ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሃል ለጥቂት ዓረፍተ ነገር ጊዜ ከተገኘ፣ የእኛ ዓርብ ከሰዓት ያን ያህል የተጣበበ ነው ወይ?

ታዲያ ምን ይጻፍ? ድርሰት አልጠይቅም። ይህን የመሰለ ይበቃኛል፦

«ደንበኛው ግንኙነቱን ሲያቋርጥ የሴሽኑ ሜሞሪ ወዲያው ይለቀቃል። ሰዓት ቆጣሪው ግን የሴሽኑን አድራሻ እንደያዘ ይቆያል፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሲነሣ የተለቀቀውን ሜሞሪ ያነባል። አድራሻው ነል ስላልሆነ የነል ምርመራ አይረዳም። ስለዚህ ሴሽኑን ከመልቀቃችን በፊት ሰዓት ቆጣሪውን እንሰርዛለን፤ ሥራ ጀምሮ ከሆነም እስኪጨርስ እንጠብቃለን። በአድረስ ሳኒታይዘር ስንሮጠው ከለውጡ በፊት ስህተቱን በየጊዜው ያሳይ ነበር፤ አሁን አያሳይም። ሴሽን የሚለቀቅባቸውን ሌሎች ሁለት ቦታዎች አይቻለሁ፤ እዚያ ሰዓት ቆጣሪ የለም።»

ይህን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባለቤቱ ታወቀ፣ ቅደም ተከተሉ ታወቀ፣ ለውጡ ለምን እዚህ ቦታ እንደሆነ ታወቀ፣ ማስረጃው ታወቀ፣ ፍለጋው የት ድረስ እንደሄደ ታወቀ። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ ይህ ጽሑፍ ሊሳሳት ይችላል። «ሰዓት ቆጣሪው ሲሰረዝ የሚጠበቀው በዚሁ ክር ላይ ከሆነስ? አይቆላለፍም?» ብሎ የሚጠይቅ ገምጋሚ የሚይዘው ነገር አገኘ። «ክራሹ ተስተካክሏል» የሚለውን ግን ማን ሊያርመው ይችላል? ሊታረም የማይችል ዓረፍተ ነገር ለሪቪው የቀረበ ነገር አይደለም።

ተቃውሞዎቹን ልመልስ። «ስህተቱን አብራርተን ከጻፍን ለአጥቂ መንገድ ማሳየት ነው» ይባላል። አጥቂው ማብራሪያችንን አይጠብቅም። የፊቱንና የኋላውን ፕሮግራም አስተያይቶ ክፍተቱን ማውጣት የቆየ ሙያ ነው፤ ለዚያም ጊዜና ትዕግሥት አለው። ጨለማ ውስጥ የሚቀረው ተከላካዩ ነው። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች በማስተካከያው ላይ ችግሩ እንዲገለጽ የሚጠይቁት፣ ስህተቱን ያስገባውንም የቀድሞ ለውጥ ከመለያው የመጀመሪያ 12 ፊደላት ጋር እንዲጠቀስ የሚያደርጉት፣ የቆዩ እትሞችን የሚጠብቅ ሰው «ይህ እኔንም ይመለከተኛል ወይ?» ለሚለው መልስ እንዲያገኝ ነው። ለጊዜው መደበቅ ያለበት ነገር ካለ ሪቪውው በተዘጋ በር ይሁን፤ እዚያ ውስጥም ቢሆን ግን ሙሉው ይጻፍ።

«ወደ ረስት እንሂድና እንገላገል» የሚሉም አሉ። ረስትን እወደዋለሁ። ብዙውን የዚህ ዓይነት ስህተት ገና ሲጠናቀር ይከለክላል። ግን ያለው የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ነገ አይተንም። ደግሞ ረስትም «አንሴፍ» የሚባል፣ አጠናቃሪው ጥበቃውን ለፕሮግራመሩ የሚተውበት ክፍል አለው። የረስት ሰዎች እዚያ ላይ ምን ያደርጋሉ? «ሴፍቲ» በሚል ቃል የሚጀምር፣ ይህ ለምን አደጋ እንደሌለው የሚናገር አስተያየት ይጽፋሉ። ያ ካልተጻፈ የሚያስጠነቅቅ ደንብም ክሊፒ በተባለው መሣሪያቸው ውስጥ አለ። ማሽኑ ማረጋገጥ ያቆመበት ቦታ ላይ ሰው መናገር ይጀምራል ማለት ነው። እኔም ከዚህ ሌላ ያልኩት የለም።

አዲሱ ማምለጫ ደግሞ «ማብራሪያውን ኤአይ ይጽፈዋል» ነው። ለውጡን ሰጥታችሁ «ግለጽልኝ» ብትሉት ያማረ አንቀጽ ሊጽፍላችሁ ይችላል፤ «ፖይንተሩ ከመነበቡ በፊት የነል ምርመራ በመጨመር ደኅንነቱን ያሻሽላል» ይላል። ይህ ኮዱን በሌላ ቋንቋ መድገም ነው። ክራሹን ያሳደደው፣ ሜሞሪው የት እንደተለቀቀ ያየው ሰው ያወቀውን ካላስገባበት ያማረው አንቀጽ ከሁለቱ ቃላት ይብሳል፤ ባዶነቱን ይሸፍናልና።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። እዚህ አገር ያለን ፕሮግራመሮች ነገሩን ማብራራት አቅቶን አይደለም። ማኪያቶ ላይ ስንገናኝ አንዱ ናፕኪን ላይ ሣጥን እየሣለ «ይኸውልህ፣ ይሄኛው ሲለቀው ያኛው ገና ይዞታል» ብሎ ፍንትው አድርጎ ይነግራችኋል። ወደ ወንበሩ ሲመለስ ግን በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጽፎ ይዘጋዋል። አንዱ ምክንያት እንግሊዝኛው ነው፤ ተሳስቼ ከምታይ ባጥር ይሻላል ይላል። ሌላው ይሉኝታ ነው። ጀማሪው አንጋፋውን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ መድፈር ይመስለዋል፤ አንጋፋውም መጠየቁን እንደ መጠርጠር ይቆጥረዋል።

ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ በልምድ የሚበልጠኝን ባልደረባዬን «ይህ ፖይንተር ለምንድን ነው ነል የሚሆነው?» ብዬ ጻፍኩለት። «ክራሹ ጠፋ አይደል እንዴ?» የሚል መልስ መጣ። ለውጡን ሌላ ሰው አጸደቀው፣ ገባ። በኋላ ነገሩን ቡና ላይ ለአንዱ ጓደኛችን በዝርዝር አስረድቶት እንደነበር ሰማሁ። ወራት አለፉ፤ ያው የተለቀቀ ሜሞሪ በሌላ በኩል ፕሮግራሙን ይጥለው ጀመር። ባልደረባችን ያን ጊዜ ሥራ አግኝቶ ከአገር ወጥቷል። ቡና ላይ የሰማው ጓደኛችንም የሚያስታውሰው ግማሹን ነው። ቀሪውን ከባዶ ተነሥተን ስንፈልግ ቀናት ሄዱ፤ በእጃችን የነበረው መዝገብ ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

ሰው በየጊዜው በሚሄድበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ዱባይ የሚሄድ አለ፣ ወደ አውሮፓ የሚሄድ አለ፣ እዚሁ ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ አለ። መሄዳቸውን አልነቅፍም። ኮዱ ግን ይቀራል፤ የሰው ብር የሚያዘዋውረው፣ የሕመምተኛ መዝገብ የሚይዘው ኮድ ይቀራል። ያልተጻፈው ምክንያት ከባለቤቱ ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል።

በእንግሊዝኛ መጻፍ ከከበዳችሁ ቡድናችሁ ከተስማማ በአማርኛ ጻፉት፤ እኔ ግድ የለኝም። የተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ማን እንደለቀቀና ማን እንደያዘ እስከተናገረ ድረስ ካማረው ባዶ ይበልጣል። አንጋፎችም ስትጠየቁ አትቆጡ፤ ጀማሪው የሚጠይቀው ኮዱን ነገ የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ነው።

ገምጋሚ የሆናችሁ ደግሞ በእጃችሁ ያለውን ሥልጣን ተጠቀሙበት። የሜሞሪ ማስተካከያ ያለ ማብራሪያ ሲመጣላችሁ አንዲት ጥያቄ ጻፉ፦ «ይህን ሜሞሪ ማን ነው የለቀቀው?» መልሱ እስኪመጣ አታጽድቁ። ጸሐፊው ከከፋው ቡና ጋብዙት። ቡናው ላይ የሚነግራችሁን ግን ወንበሩ ላይ ሲመለስ እንዲጽፈው አድርጉ።